ማስተካከያ፦ «ጥቁር ሂና» ስለተባለው

ቀደም ሲል ስለ ሰርግ ሂና ባወጣነው ጽሑፍ «ጥቁር ሂና ከተራው የሚለየው እጅ ላይ ረዘም ላለ ሰዓት በመቆየቱ ብቻ ነው» ብለን ነበር። ስህተት ነው። የሂና ቅጠል የቱንም ያህል ቢቆይ እንደ ቀለም ብዕር አይጠቁርም።

እውነተኛው ሂና ሲለወስ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነው፤ ለሰዓታት ቆይቶ ሲረገፍ ብርቱካናማ ቀለም ይተዋል፣ በ48 ሰዓት ገደማ ወደ ቀላ ያለ ቡናማ ይለወጣል። ልውሱ ራሱ ጥቁር ከሆነና በአንድ ሰዓት ውስጥ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ከያዘ፣ ፒፒዲ የሚባለው የፀጉር ቀለም ኬሚካል ሳይገባበት አይቀርም። ይህን ያገኘነው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሸማቾች ካወጣው ማሳሰቢያና ከቆዳ ሕክምና ጽሑፎች ነው።

ፒፒዲ የማይስማማው ሰው ወዲያው ላይታወቀው ይችላል። ማሳከኩ፣ መቅላቱና ውኃ መቋጠሩ ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ልክ በሥዕሉ መስመር ላይ ይወጣል። ጠባሳ ሊተው ይችላል። ከዚያ ወዲያ ቆዳው ኬሚካሉን ስለማይረሳ፣ ከዓመታት በኋላ ፀጉር በጥቁር ቀለም ሲቀባ ፊት እስከ ማበጥ ሊደርስ ይችላል።

ጽሑፋችንን አይታችሁ የተቀባችሁ፣ ማሳከክ ከጀመራችሁ በውኃና በሳሙና ታጠቡ፤ የቋጠረውን አታፍርጡ፤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ለፀጉር ሠሪያችሁም ንገሩ።

በዚያው ጽሑፍ እንሶስላን «የአገራችን ሂና» ማለታችንም ልክ አልነበረም። እንሶስላ ሥሩ የሚወቀጥ ሌላ ተክል ነው።