ፈጣኑ ምርመራ የማያየው

ቲቢን የሚያመጣው ባክቴሪያ ዝግተኛ ነው። እንደ ኢ.ኮላይ ያሉት ሲመቻቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ይሆናሉ፤ እሱ ግን ለዚሁ አንድ ቀን የሚጠጋ ጊዜ ይፈልጋል። በላቦራቶሪ አሳድጎ ለማየት፣ ማለትም በካልቸር ለመመርመር፣ ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት የሚጠበቀውም ለዚህ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ታማሚው ያስላል፣ ቤተሰቡ ያንኑ አየር ይተነፍሳል፣ ሐኪሙም በግምት መድኃኒት ያዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የደገፈው ጂንኤክስፐርት የተባለ የዘረመል ምርመራ ይህን ጥበቃ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ አወረደው። አክታው ከፈሳሽ ጋር ተበጥብጦ ካርትሪጅ ውስጥ ይገባል፤ ማሽኑ የባክቴሪያውን ዲኤንኤ አውጥቶ ያባዛል፤ ከዚያም ለሁለት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል። የቲቢ ዲኤንኤ አለ ወይ? ካለስ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ ነው ወይ? ሁለተኛውን የሚያውቀው 81 ጥንድ የዲኤንኤ ፊደላት ብቻ ባሏት የአንድ ጂን ቁራጭ ላይ ለውጥ በመፈለግ ነው። ይህ መሣሪያ ባለበት ቦታ ታማሚን በማይክሮስኮፕ ብቻ መርምሮ መሸኘት፣ በእኔ እምነት፣ ምክንያት አይገኝለትም።

የሚያሳስበኝ ውጤቱ የሚነበብበት መንገድ ነው። ዲኤንኤ የሞተውን ባክቴሪያ ከሕያው አይለይም። ሕክምናውን ጨርሶ በዳነ ሰው ሳንባ ውስጥ የሞቱ ባክቴሪያዎች ዲኤንኤ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። «ተገኘ» የሚለው ውጤት ብቻውን ይህን ሰው እንደገና ወደ ረጅም ሕክምና ሊመልሰው ይችላል። ተቅማጥ የሚያስከትለው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የተባለው ባክቴሪያ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ጥቂት የማይባሉ ሰዎች ምንም ሳይሆኑ በአንጀታቸው ይዘውት ይኖራሉ። ለእሱ የሚደረገው የዘረመል ምርመራ መርዝ የሚያመርተውን ጂን ያገኛል፤ መርዙ መመረቱን ግን አያውቅም። ተቅማጡ የሆድ ማለስለሻ በመውሰዱ የመጣበት ሰው በዚህ ውጤት አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል፤ ይህ በሽታ በአንጀት ውስጥ መንገድ የሚያገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአንቲባዮቲክ ሰበብ ነው። (ምን መድኃኒት እየወሰዱ ነው ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም፤ ሆኖም ሳይጠየቅ የሚቀርበት ጊዜ አለ።)

«አልተላመደም» የሚለውም ውጤት ቢሆን የሚናገረው ስለዚያች ቁራጭ ብቻ ነው። በደቡባዊ አፍሪካዋ አገር በኢስዋቲኒ በተደረገ ጥናት ብዙ መድኃኒት ከተላመዱት የቲቢ ባክቴሪያዎች ውስጥ 30 በመቶ ያህሉ የዘረመል ለውጣቸው ከቁራጯ ውጭ ስለነበር ጂንኤክስፐርት ሊያያቸው አይችልም ነበር። የተገኙት በካልቸር ጭምር ስለተመረመሩ፣ መድኃኒቱ በቀጥታ ስለተሞከረባቸው ነው። ካልቸር ጊዜው አልፎበታል፣ በጀቱ ወደ ማሽን ይዙር የሚል ሐሳብ በሰማሁ ቁጥር የማነሳው ይህንን ነው።

ስለዚህ ማሽኑን የሚገዛው አካል ለካልቸር ክፍሉም ይመድብ። የምርመራ መጠየቂያው ቅጽ ላይም ታማሚው ከዚህ በፊት ለቲቢ ታክሞ እንደሆነና አሁን የሚወስደው መድኃኒት ምን እንደሆነ የሚሞላበት ቦታ ይኑር። ሳይሞላ ከመጣም ላቦራቶሪው ውጤቱን ከመላኩ በፊት ደውሎ ሐኪሙን ይጠይቅ።