ቬንትሌተሩ ጤነኛ ነበር

ወዳጆቼ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሆዴ ይዤው የቆየሁትን ብሶት ዛሬ ላወጣው ነውና ርዝመቱን ታገሡኝ። ጉዳዩ የስኩተሬን ራዲያተር የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተር ነው። ስፋቱ ከወጥ ሳህን አይበልጥም፤ የሚፈልገውም ኤሌክትሪክ 4 አምፔር ገደማ ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ነገር 11,300 ብር አስወጣኝ፣ ሁለት ቀን ከሥራ አስቀረኝ፣ አንድ ሌሊትም ባትሪዬን ገደለብኝ፤ በመጨረሻ ሲጣራ ደግሞ ጥፋቱ የእርሱ እንኳ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው። ከጀሞ ወደ አራት ኪሎ በየቀኑ እመላለሳለሁ። መንገዱ ክፍት በሆነበት ሰዓት የሚገጥመኝ ነፋስ ራዲያተሩን ስለሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተር መኖሩንም አላስታውስም፤ ሜክሲኮ አካባቢ በመኪና መሀል ተቀርቅሬ ስቆም ግን የውሃው ሙቀት ይወጣና 95 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ከፊት ለፊቴ ሽው የሚል ድምፅ እሰማለሁ። በዚያ ጠዋት ድምፁ አልመጣም። የሙቀት መብራቱ ቀይ በራ፤ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ከኋላዬ ያለው ታክሲ በክላክስ እያዋከበኝ፣ ስኩተሯን እየገፋሁ ወደ ዳር ወጣሁ።

በዚያው ቀን ከሰፈሬ የማይርቅ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለሙያው የመሞከሪያ አምፖሉን አንድ ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር ቆነጠጠና ሌላውን ጫፍ ከቬንትሌተሩ ሶኬት የፖዘቲቭ ሽቦ ላይ ነካ አደረገው። አምፖሉ በራ። «አየህ ወንድሜ፣ ከረንት እየደረሰው ነው፤ እሱ ግን አይዞርም። ታዲያ ምን ቀረ? ተቃጥሏል» አለኝ። ምርመራው በዚህ ተጠናቀቀ። እኔም በዚያን ሰዓት አእምሮዬ ያንን አነጋገር ፍጹም አመክንዮ ያለው አድርጎ ተቀበለውና ወደ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ከሱቅ ሱቅ ስዞር ውዬ በ6,500 ብር ከሌላ ስኩተር የተፈታ ቬንትሌተር አገኘሁ፤ የመያዣው ቀዳዳ ስለማይገጥም በሞረድ ተፍቆ፣ 800 ብር የእጅ ተከፍሎበት ተገጠመ። አሁንም አልተነሣም። «ሞተሩ ሲሞቅ ራሱ ይነሣል» ተባልኩ። በማግስቱ ሞተሩ ሞቀ፤ ቬንትሌተሩ ግን አልተነሣም። ያኔ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ ብቸኛው አስተዋይ ሥራ አሮጌውን ቬንትሌተር በፌስታል ቋጥሬ ወደ ቤት መውሰዴ ነበር።

ሁለተኛው ጋራዥ ሪሌው፣ ማለትም በትንሽ ከረንት እየታዘዘ ትልቁን ከረንት የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው ዕቃ፣ ነው አለ። ሪሌ 700 ብር ገዝቼ ተቀየረ፤ ምንም ለውጥ የለም። በዚህን ጊዜ ሰውየው፣ አገራችን ውስጥ ለማንኛውም የኤሌክትሪክ ችግር የሚታዘዘውን መድኃኒት አዘዘልኝ፦ «ዳይሬክት እናድርገው።»

ስለ «ዳይሬክት» ትንሽ ልናገር፤ ምክንያቱም የብሶቴ እምብርት ይህ ነው። በፋብሪካው አሠራር ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ተነሥቶ በፊውዝ ያልፋል፣ ከፊውዙ ወደ ሪሌ ይሄዳል፣ ሪሌውን ደግሞ ራዲያተሩ ላይ የተተከለው የሙቀት ስዊች ያዘዋል፤ ውሃው ሲሞቅ ስዊቹ መስመሩን ያገናኛል፣ ሪሌው ቀጭ ይላል፣ ቬንትሌተሩ ይነሣል፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ሁሉም ራሱ ይቆማል። ዳይሬክት ማለት ይህን ሁሉ ቆርጦ ጥሎ ሁለት ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ መሳብና መሪው ላይ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ መለጠፍ ነው። የስኩተሯን አእምሮ አውጥተህ ሥራውን ለራስህ አእምሮ ታስረክባለህ፤ የእኔ አእምሮ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ እንኳ የማያውቅ ነው። ፊውዝ ይደረግበት ብዬ ብጠይቅ «ለዚህች ለዚህች ፊውዝ አያስፈልግም» ተብሎ ተሣቀብኝ፤ በነጠላ ሽቦ፣ መሪው ሲዞር በሚፈትገው አንገት በኩል፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ አለፈ። 600 ብር ከፈልኩ።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት ቬንትሌተሩ ዞረ፤ እኔም ደስ አለኝ። ሰውየው ሁለቱንም ሽቦዎች፣ ፖዘቲቩንም ኔጌቲቩንም፣ ከባትሪው በአዲስ መልክ እንደሳበ፣ በዚህም እውነተኛውን ጥፋት ሳያየው በላዩ ላይ እንደተሻገረ የገባኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሐሙስ ማታ ማጥፋት ረሳሁት። የእኔ ባትሪ 9 አምፔር ሰዓት ነው፤ 4 አምፔር የሚበላ ነገር ሲነዳበት ከሁለት ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። ዓርብ ጠዋት ስኩተሯ ድምፅ አልባ ሆና ጠበቀችኝ። ቅዳሜ ደግሞ በተቃራኒው ማብራት ረስቼ ሳር ቤት ላይ ቀይ መብራት በራብኝ።

አጎቴ በወጣትነቱ ቬስፓ ይነዳ ነበር፤ ይህን ታሪክ ስነግረው ከልቡ ሣቀ። በ1946 እ.ኤ.አ. ፒያጆ ያወጣት፣ ኢንጂነሩ ኮራዲኖ ዳስካንዮ የነደፋት ቬስፓ ማቀዝቀዣዋ ከሞተሩ መዘውር ጋር አብሮ የሚሽከረከር ፋን ነበር፤ ሞተሩ እስከዞረ ድረስ እርሱም ይዞራል፣ ሽቦ የለው፣ ሪሌ የለው። «የእናንተ ሥልጣኔ ይህ ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሦስተኛው ጋራዥ የሙቀት ስዊቹን ወነጀለ። 2,200 ብር ለዕቃው፣ 500 ብር ለእጅ። ስዊቹን ለመፍታት የራዲያተሩን ፈሳሽ አፍስሶ ሲያበቃ በምትኩ የቧንቧ ውሃ ሞላልኝ፤ የራዲያተሩን ክዳን ጎማም መሰንጠቁን እያየ መልሶ ከደነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ፣ የራዲያተሩም ውሃ ተራ ውሃ ከሆነ፣ ቬንትሌተሩ በ95 ይነሣል ተብሎ ሲጠበቅ ውሃው ቀድሞ ይፈላል ማለት ነው። ደህና ክዳንና ትክክለኛው ፈሳሽ ሲኖር ግን መፍያው ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ለዚህ ነው ክዳኑም ፈሳሹም ጌጥ ያልሆኑት። ቬንትሌተሩ በበኩሉ ከፋብሪካው መስመር ጋር ተመልሶ ቢያያዝም ዝም እንዳለ ቀረ።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መርካቶ የገዛሁትን ርካሽ ቴስተር (የቮልት መለኪያ)፣ አንድ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ ግቢ ውስጥ ተቀመጥኩ። ኤሌክትሪሺያን አይደለሁም፤ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሂሳብ ሠራተኛ ግን አንድ ነገር ያውቃል፦ ገንዘብ ሲጎድል ሁሉንም ካዝና ከመቀየር በፊት የትኛው ገጽ ላይ እንደጎደለ ይፈለጋል።

በመጀመሪያ ከፌስታሉ ያወጣሁትን አሮጌ ቬንትሌተር በሁለት ሽቦ ከባትሪው ጋር በቀጥታ አገናኘሁት። እንደ ንብ መንጋ ጮኸ። ተቃጥሏል የተባለው፣ በ6,500 ብር የተተካው ቬንትሌተር ጤነኛ ነበር! ትንሽ ውሃ ጠጥቼ ቀጠልኩ። ባለ 10 አምፔሩ ፊውዝ ደህና ነው። የሙቀት ስዊቹን ሶኬት ነቅዬ ሁለቱን ሽቦዎች በቁራጭ ሽቦ ሳገናኛቸው ሪሌው ቀጭ አለ፤ ስለዚህ ማዘዣው በኩል ያለው መስመር ይሠራል፣ ሪሌውም ይታዘዛል። የመጀመሪያው ጋራዥ እንዳደረገው የቬንትሌተሩን ሶኬት ነቅዬ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ቀዩን ከፖዘቲቭ ሽቦው ጋር ሳደርግ 12 ነጥብ 5 ቮልት አነበብኩ። እዚህ ላይ ነው ሁሉም ሰው የቆመው። ከረንት እየደረሰ ነው፣ ቬንትሌተሩ ተቃጥሏል፣ ሂድና ግዛ።

ነገር ግን ኤሌክትሪክ መድረስ ብቻ ሳይሆን መመለስም አለበት። መመለሻው ደግሞ ጋራዦቻችን ከጣሊያኖች በወረሱት ቃል «ማሳ» የሚሉት ነው፤ የሚታረሰውን ማሳ ማለቴ ሳይሆን ከስኩተሯ አካል ጋር የሚታሰረውን ኔጌቲቩን ማለቴ ነው። ያ የመሞከሪያ አምፖል የራሱን ማሳ ከሞተሩ ብረት ስለወሰደ የቬንትሌተሩን ማሳ አንድም ጊዜ አልመረመረውም። ስለዚህ ሶኬቱን መልሼ ሰካሁና ቬንትሌተሩ እየተሞከረ ሳለ ለካሁ። ፖዘቲቩ ላይ 12 ነጥብ 1። ደህና። ከዚያ ቀዩን ጫፍ የቬንትሌተሩ ማሳ ሽቦ ላይ፣ ጥቁሩን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አደረግሁ። ሁለቱም ኔጌቲቭ ናቸውና ቴስተሩ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር፣ ቢበዛ የአንድ ቮልት ጥቂት አሥረኛ፣ ማሳየት ነበረበት። 9 ነጥብ 4 አሳየኝ።

ይህን ቁጥር ደጋግሜ አየሁት። ከ12 ነጥብ 1 ላይ 9 ነጥብ 4 ሲቀነስ ለቬንትሌተሩ የሚተርፈው 2 ነጥብ 7 ቮልት ነው፤ በዚህ ደግሞ ያቃስታል እንጂ አይዞርም። ጆሮዬን ሳስጠጋ በእርግጥም ያቃስት ነበር፤ ሦስት ጋራዥ ውስጥ አንድም ሰው ጆሮውን አላስጠጋም። ፊውዙ ያልተቃጠለውም ለዚሁ ነው፤ ፊውዝ የሚቃጠለው ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ሲሆን የተበላሸ ማሳ ግን የሚያልፈውን ያሳንሰዋል።

ሽቦውን በጣቴ ተከትዬ የፊት ሽፋኑን ፈታሁ። ከመሪው አንገት በታች፣ የፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃና እጥበት ቤት በግፊት የሚለቀቀው ውሃ በሚያርፍበት ቦታ፣ የማሳው ቀለበት በአንዲት ቡሎን ከሻንሲው ጋር ታስሯል። ቡሎኗ ዝጋ አረንጓዴና ቡናማ ዱቄት ለብሳለች፤ ስነካት ትሞቃለች። የጎደለው 9 ነጥብ 4 ቮልት የሚባክነው እርሷ ላይ ነበር።

ቡሎኗን ፈታሁ፣ ቀለበቱንና ሻንሲውን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ፣ አጥብቄ አሰርኩ፣ በላዩ ላይ ግሪስ ቀባሁ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ የብርጭቆ ወረቀቱ 30 ብር ነው። እንደገና ስለካ ማሳው ላይ የሚጠፋው 0 ነጥብ 1 ቮልት ሆነ፤ ቬንትሌተሩም ተንሥቶ የግቢውን አቧራ ፊቴ ላይ አቦነነው። የዳይሬክቱን ሽቦ ነቅዬ ስጥለው መሪው አንገት ላይ ሽፋኑ ተፍቆ መዳቡ ወጥቶ አገኘሁት፤ ያለ ፊውዝ፣ ከባትሪ በቀጥታ፣ ከነዳጅ ታንክ ጥቂት ስንዝር ርቀት ላይ።

ባለሙያ ሊሳሳት ይችላል፤ እኔም በሥራዬ እሳሳታለሁ። የሚያንገበግበኝ ግምቱ በእኔ ኪስ መሞከሩ ነው። «ይህን ቀይርና እንይ» የሚል ሰው ያ ዕቃ ካልሆነስ ማን ይከፍላል ተብሎ ሲጠየቅ ሰማይ ሰማይ ያያል። ቴስተር በሦስቱም ጋራዦች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቻለሁ፤ አንዱ እንዲያውም ከነፕላስቲኩ ነበር።

ሰኞ ማታ አሮጌውን ቬንትሌተር በፌስታሉ እንደያዝኩ ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ተመለስኩ። ጮክ ብዬ ለመናገር ቆርጬ ነበር፤ ሰውየው ግን ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ፣ ወንበር ሰጠኝ፣ ልጁን ሻይ ላከው። ቬንትሌተሩን አውጥቼ፣ በራሱ ባትሪ ላይ በሁለት ሽቦ ነክቼ፣ ፊት ለፊቱ አዞርኩለት። ሲዞር በጸጥታ ተመለከተው፤ ከዚያ ራሱን በአድናቆት እየነቀነቀ «ጎሽ፣ እንግዲህ መለዋወጫ አለህ ማለት ነው» አለኝ።