ኧረ የአራሚ ያለህ!

የዜና ገጾቻችንን ማንበብ እየከበደኝ መጥቷል። ወሬው አይደለም ያስመረረኝ፤ አጻጻፉ ነው።

«የጤና ሚኒስትር አስታወቀ» ይላል ርዕሱ። ማን ነው ያስታወቀው? ሰውየው ወይስ መሥሪያ ቤቱ? ሚኒስትር ሰው ነው፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ነው። ዝቅ ስትሉ ደግሞ «ሚኒስቴሩ አስታወቁ» ይላችኋል። ይህን ያልለየ ጋዜጠኛ ማን ምን እንዳለ እንዴት አድርጎ ሊነግረኝ ነው?

«ተናግሮል»፣ «ሰጥቶል»፣ «አስመርቆል» ደግሞ አለላችሁ። በፈጠራችሁ! «ሯ»ም «ቷ»ም እኮ ስልካችሁ ላይ አሉ። «መምህራኖች» እና «ሕፃናቶች»ንማ ጭራሽ ለምደናቸዋል። መምህራን ካሉ በቃ፣ ብዙ ናቸው፤ ሌላ «ኦች» ምን ይሠራል?

የሀ እና የሐ፣ የሰ እና የሠ ነገር ድሮም አከራካሪ ነው፤ እሱን ልተወው። ግን ቢያንስ የአንድን ሰው ስም በአንድ ዜና ውስጥ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉት እንጂ! ርዕሱ ላይ «ኃይሉ»፣ ውስጡ «ሀይሉ»፣ ፎቶው ሥር «ሃይሉ»።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ዓመተ ምሕረቱ ነው። የውጭ ዜና ይተረጉሙና «በ2024 ዓ.ም» ብለው ቁጭ! በእኛ አቆጣጠር እኮ ገና ያልደረስንበት ዓመት ነው። «እ.ኤ.አ» የምትለዋን ለመጨመር ምን ያግዳል? ተማሪው ይህንኑ ገልብጦ ለፈተና ያጠናዋል፣ ሌላው ገጽ እንዳለ ይለጥፈዋል፣ ስህተቱ እውነት ሆኖ ይቀራል።

እባካችሁ አራሚ ቅጠሩ። አቅም ከሌላችሁም ከመለጠፋችሁ በፊት አንዴ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት።