ፍቅር በሰዓት ሲታሰብ

ለአበባ፣ ለአዳራሽና ለፎቶግራፍ አንሺ የተጠየቁትን ሁሉ «በዕድሜ አንዴ ነው» እያሉ ያለ ክርክር የሚከፍሉ እጮኛሞች፣ ቢለያዩ ንብረታቸው እንዴት እንደሚከፈል ከወዲሁ የሚወስነውን የቅድመ ጋብቻ ውል የሚያዘጋጅላቸው ጠበቃ ዋጋውን ሲነግራቸው ግን በአንድ አፍ «ይህማ ዘረፋ ነው» ይላሉ። አስተዋይ ጠበቃ በዚህ አይቀየምም፤ ስለ ንብረት መነጋገር ሳይጀምሩ ቢያንስ በአንድ ጉዳይ መስማማታቸውን በልቡ ይመዘግባል።

ቅሬታው የሚብሰው አንድ ጠበቃ እንደማይበቃ ሲሰሙ ነው። ጥቅማቸው ሊጋጭ የሚችል ሁለት ወገኖችን አንድ ሰው ማማከር ስለማይገባው፣ አንድ አካል ሊሆኑ የተነሡት ጥንዶች ሁለት ቢሮና ሁለት ደረሰኝ ይዘው ቁጭ ይላሉ። ብዙውን ጊዜ የሁለቱንም ሒሳብ የሚችለው ሀብት ያለው ወገን ነው፤ የገዛ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ እያነሣ የሚያፈርስበትን ባለሙያ ከኪሱ ይቀጥራል ማለት ነው። ሞኝነት እንዳይመስላችሁ፤ ሌላው ወገን ያለ አማካሪ ከፈረመ፣ ነገ ፍርድ ቤት ቀርቦ «አልገባኝም ነበር» ለማለት መንገዱ ክፍት ነው። ሠርጉ ሲቃረብ መሮጥም አያዋጣም። በካሊፎርኒያ ሕግ ለምሳሌ የመጨረሻው ረቂቅ ከቀረበ በኋላ እስኪፈረም ቢያንስ 7 ቀን ማለፍ አለበት፤ የቸኮለ ሙሽራ የአስቸኳይ ሥራ ዋጋ ከፍሎ የማይጸና ወረቀት ሊገዛ ይችላል።

ክፍያው በቁርጥ ከሆነ እሰየው። በሰዓት ከሆነ ግን ሒሳቡን የሚያንሩት ራሳቸው ባለጉዳዮቹ ናቸው። ውሉ እንዲጸና ሁለቱም ሀብትና ዕዳቸውን እርስ በርስ በግልጽ ማሳወቅ ይኖርባቸዋል፤ በዚህ መሐል ሙሽራው፣ ረቂቁ ሁለት ጊዜ ከታረመ በኋላ፣ «አንዲት ትንሽ የባንክ ሒሳብ ነበረችኝ፤ ረስቻት ነው» ይላል። ሙሽሪት «ሌላስ ምን ረስተሃል?» ብላ ማታ በነጻ ልትጠይቀው የምትችለውን ጥያቄ በጠበቃዋ በኩል ታስጽፋለች፤ ጥያቄውም «ደብዳቤ ማዘጋጀት፣ ግማሽ ሰዓት» ተብሎ ደረሰኝ ላይ ይሰፍራል። መልሱም እንዲሁ።

ከዚያ ቢለያዩ ገና ያልተወለዱት ልጆች ከማን ጋር ያድጋሉ በሚለው ላይ ክርክር ይነሣል። በብዙ አገር ይህን ጊዜው ሲደርስ የሚወስነው ፍርድ ቤት እንጂ የወላጆቹ ውል አይደለም። ሁለቱም ጠበቆች ይህን መጀመሪያ ላይ ተናግረዋል፤ ባለጉዳዮቹ ካልሰሙ ግን የሚከፍል ደንበኛን ንግግር ማቋረጥ ከጨዋ ሰው አይጠበቅም።

በመጨረሻ ሁሉም ተስማምቶ ብዕር ሲነሣ፣ አንዱ ወገን «ለዚህ ውል የወጣውን ወጪ ማን እንደሚችል በውሉ ውስጥ ይካተት» ይላል። ሐሳቡ ተገቢ ሆኖ ስለተገኘ ሁለቱ ጠበቆች ተቀምጠው ይወያዩበታል፤ የውይይቱ ሒሳብ ለየደንበኞቻቸው ለየብቻ ይላካል።