በረራውን የሰረዛችሁት እናንተ፣ ማይሉ የቀረብኝ እኔ

ዛሬ የምጽፈው በንዴት ነው። በረራ ተሰረዘብኝ ብዬ አይደለም። አውሮፕላን ይበላሻል፣ አየሩ ይከፋል፣ አብራሪዎቹ በሕግ የተፈቀደላቸው የሥራ ሰዓት ያልቅባቸዋል። ይሄ ያለ ነገር ነው። ደሜን ያፈላው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ባለፈው ሐምሌ ከዋሽንግተን ደለስ ተነስቶ በአውሮፓ በኩል አዲስ አበባ የሚገባ ቲኬት ገዛሁ። የአየር መንገዱን ስም አልጠራም፤ ብዙዎቹ የሚያደርጉት ነገር ነው። ከእሱ የሚረክስ ቲኬት ነበር። ግን ማይሌን፣ አየር መንገዱ ለደንበኛው የሚሰጠውንና ተጠራቅሞ ነፃ ቲኬት የሚሆነውን ነጥብ፣ የማጠራቅመው እዚያ ስለሆነ ጨመር አድርጌ ከፈልኩ። ከደለስ አዲስ አበባ ርቀቱ ከ7,000 ማይል በላይ ነው። ደርሶ መልሱ ሲገባልኝ ጎልድ የሚባለው ከፍ ያለ የደንበኛ ደረጃ ላይ እደርሳለሁ ብዬ አስቤ፣ አስልቼ ነው የገዛሁት።

ጌቱ ላይ ሰዓቱ እየተገፋ እየተገፋ ሄደና መጨረሻ ላይ በረራው ተሰረዘ። ወረፋው መላወሻ አልነበረውም። ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ለቅሶ ለመድረስ የሚሄዱ ሰዎች፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ አንዲት ትልቅ ሴትዮ የሚያስተረጉምላቸው ሰው ሲፈልጉ። ተራዬ ሲደርስ ካውንተሩ ላይ ያለችው ልጅ በባህረ ሰላጤው በኩል በሚሄድ ሌላ አየር መንገድ አስገባችኝ። የራሴ አየር መንገድ አጋር ያልሆነ። አልመረጥኩትም። የነበረው እሱ ብቻ ነበር። ማይሌስ ስላት «አታስብ፣ ይገባልሃል» አለችኝ። አዲሱ ቦርዲንግ ፓስ ሲታተም አየሁት። የአባልነት ቁጥሬ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። እንደገና ጠየቅኳት። «በኋላ በኢንተርኔት ትጠይቃለህ» አለችኝና ቀጣዩን ተሳፋሪ ጠራች።

ጠየቅኩ። የመመለሻው በረራ ገብቷል፣ የመሄጃው የለም። ድራሹ ጠፍቷል። የኔው አየር መንገድ «ማይል የሚሰጠው ለተበረረ በረራ ብቻ ነው፣ እርስዎ ደግሞ በዚያ ቀን በእኛ አልበረሩም» ሲል ጻፈልኝ። ኧረ በሕግ! እኔ ነኝ አልበርም ያልኩት? ያሳፈረኝ አየር መንገድ ደግሞ ከእነሱ ጋር የማይል ስምምነት የለንም፣ ቲኬቱን የቆረጠልህን ጠይቅ አለኝ። የቆረጠልኝ ወደ በረረው፣ የበረረው ወደ ቆረጠልኝ፤ እንደ ኳስ ተቀባበሉኝ።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ስሌታቸው ነው። ድሮ ማይል በርቀት ነበር የሚቆጠረው። አሁን በትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች እንዲህ አይደለም። ዴልታና ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2015፣ አሜሪካን ኤርላይንስ ደግሞ በ2016 ለራሳቸው በረራ የሚሰጡትን ማይል በተከፈለው ዶላር ማስላት ጀመሩ። ብዙ የከፈለ ብዙ ያግኝ ነው ሐሳቡ። ደግ፣ ይሁን። ታዲያ ማይሉ የሚመጣው ከገንዘቤ ከሆነ፣ ገንዘቤ እናንተ ጋ ነው! አልተመለሰልኝም። በሌላ አውሮፕላን ስትልኩኝ ከዋጋው ላይ አምስት ሳንቲም አልቀነሳችሁልኝም። ስትሰጡ «በከፈልከው» ስትከለክሉ «በበረርከው»። ይሄ በየትኛው ሂሳብ ነው?

«ሲስተሙ አያውቅም» የሚሉትንም አልቀበልም። ያውቃል። ተሳፋሪ ያለፈቃዱ ሲዛወር ቲኬቱ እንደገና ሲቆረጥ ማሳሰቢያ በሚጻፍበት መስመር ላይ «ኢንቮል» የሚል ምልክት ይገባበታል። ያለ ፍላጎቱ የተዛወረ ማለት ነው። አዲሱ ቲኬት ከየትኛው ቲኬት እንደተቀየረም መዝገቡ ላይ አለ። ባለ 13 አኃዙ የመጀመሪያ ቲኬት ቁጥር ቁጭ ብሏል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች ቲኬቱን የቆረጠው አየር መንገድ መለያ ናቸው። መጀመሪያ የት ልበር እንደነበር፣ ስንት እንደከፈልኩ፣ ማን እንዳዛወረኝ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ኮምፒውተሩ ይህን አንብቦ ማይሉን በመጀመሪያው ቲኬት ልክ እንዲያስገባ ማድረግ ይቻላል። ተሳፋሪው ሲወተውት በእጅ የሚያስገቡ አየር መንገዶች አሉ እኮ! ለሚጮህ ሰው ከተቻለ ለሁሉም ለምን አይቻልም? እነዚያ ወረፋው ላይ አስተርጓሚ ሲፈልጉ የነበሩት ሴትዮ ለማን ይጻፉ? በምን ቋንቋ?

በአጋር አየር መንገድ ሲያዛውሩም ከችግሩ አትወጡም። ቦርዲንግ ፓሳችሁ ላይ አንዲት ፊደል አለች፣ የቲኬቱ ክፍል የምትባለዋ። ሁላችሁም ኢኮኖሚ ተቀምጣችሁ፣ ያንኑ ምግብ በልታችሁ፣ በአንዱ ፊደል የርቀቱ 100 በመቶ ይገባል፣ በሌላው 25 በመቶ፣ በሌላው ምንም። በሰላሙ ጊዜ ይሄን አይታችሁ ትገዛላችሁ። በረራ ሲሰረዝ ግን ፊደሏን የሚመርጠው ካውንተር ላይ ያለው ሠራተኛ ነው፣ ያገኘውን ባዶ ወንበር እያየ። ጀርመን ያለው የአጎቴ ልጅ እንዲህ ሆኖበታል። ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በረራው ተሰረዘ፣ በሌላ አጋር አየር መንገድ ላኩት፣ ከሚጠብቀው ማይል ሩቡን አገኘ።

እሱ ቢያንስ ሕግ አለው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261፣ እ.ኤ.አ. የ2004ቱ፣ ከአውሮፓ የሚነሳ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ በረራ በአየር መንገዱ ጥፋት ከተሰረዘ 600 ዩሮ ካሳ ያስከፍላል። አገኘ። ደንቡ በማይል የተቆረጠ ነፃ ቲኬት የያዘውን መንገደኛ ሳይቀር ይጠብቃል። የቀረበትን ማይል በተመለከተ ግን ምንም አይልም። እዚህ አሜሪካ ደግሞ የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ደንብ በረራህ ተሰርዞ የቀረበልህን አማራጭ ካልተቀበልክ ገንዘብህ ሳትጠይቅ ይመለስልሃል ይላል፣ በክሬዲት ካርድ ከከፈልክ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ወንድሙን ሊድር የሚሄድ ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ቤቱ ይመለሳል? የሰጡትን ይዞ ይሄዳል እንጂ። ከተቀበለ በኋላ ደግሞ ስለ ማይሉ የሚናገርለት የለም።

«ለማይል ነው ይሄ ሁሉ?» የሚለኝ ሰው አለ። አዎ፣ ለማይል ነው። ሀገር ቤት የምንመላለስ ሰዎች ማይል የምናጠራቅመው ሻምፓኝ ለመጠጣት አይደለም። ስታር አልያንስ በሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ለምሳሌ ጎልድ የሆነ ሰው አንድ ሻንጣ ወይም 20 ኪሎ ተጨማሪ ያለ ክፍያ ይይዛል። ያ ሻንጣ ለእህት ልጆች ጫማ ነው፣ የአባት የስኳር መለኪያ ከነወረቀቱ ነው፣ ጎረቤቱ አደራ ብሎ የሰጠው ዕቃ ነው። የሚጠራቀመው ማይል ደግሞ አንድ ቀን የእናት ቲኬት ይሆናል። እኔ ያጠራቀምኩት እናቴን ላመጣበት ነው። ቪዛዋ ወጥቷል። የጎደለኝ ያ የመሄጃው በረራ ነው። በጥሬ ገንዘብ ልግዛላት ብል የበጋው ዋጋ የሚቀመስ አይደለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ልመና አይደለም። የገዛሁትን ነው። ተሳፋሪ ያለፈቃዱ ሲዛወር ማይሉም፣ ለደረጃ የሚቆጠረውም፣ በመጀመሪያው ቲኬት ልክ ሳይጠየቅ ይግባ። የጎልድ ደረጃውም በዚያው ይቆጠር። ይሄ በውላቸው ላይ ይጻፍ፣ ካውንተር ላይ ያለችው ልጅም «ይገባልሃል» ስትል የሚያስገባ ቁልፍ ይኑራት። እሷ ላይ አልፈርድም፤ ሌሊቱን ሙሉ በሰው ጩኸት ውስጥ ቆማ ያደረችበት ነገር የእሷ ውሳኔ አይደለም።

እስከዚያው የበረራ መሰረዝ የሚያጋጥማችሁ ሰዎች፣ አደራ፣ የመጀመሪያውን የቲኬት ደረሰኝ አትጣሉ። አዲሱን ቦርዲንግ ፓስ ከሻንጣው ታግ ጋር ፎቶ አንሱት። በረራው የተሰረዘበትን መልእክት ስልካችሁ ላይ አስቀሩት። ስትጽፉ «ማይሌ አልገባም» ብላችሁ አትተዉት፤ ያለፈቃዴ ተዛውሬያለሁ፣ በመጀመሪያው ቲኬቴ መሠረት ይመዝገብልኝ በሉ፣ ሁለቱንም የቲኬት ቁጥሮች ጻፉ። ቶሎ ጠይቁ፣ የጊዜ ገደብ አለው። በተራው መንገድ እምቢ ካሏችሁ ወደ ቅሬታ ክፍሉ እለፉ፣ አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ለትራንስፖርት ሚኒስቴሩ አመልክቱ፤ አቤቱታው ለአየር መንገዱ ይተላለፋል፣ መልስ መስጠትም ግዴታው ነው።

እኔም አመልክቻለሁ። መልሱን እየጠበቅኩ ነው። ከእናንተ ውስጥ እንዲህ ተዛውሮ ማይሉ ሙሉ በሙሉ የተመለሰለት ካለ፣ ለየትኛው ክፍል እንደጻፈና ምን እንዳላቸው ይንገረን።