ሃምሳ ሎሚና ስልሳ ዶላር

ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ዛፎቹ ሥር ካለች ሻይ ቤት አራት ሆነን ተቀምጠን ነበር። ፀሐይዋ ጠልቃለች፣ ድንጋዩ ግን ገና ያቃጥላል። አንዱ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሞባይል የሚሸጥ ነጋዴ ነው። አንዱ ሳቢያን ሰፈር ጌም ቤት ያለው ልጅ ነው። ሦስተኛው ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ፣ አማርኛውን በፈረንሳይኛ እያዋዙ የሚያወሩ ጋሼ ናቸው። አራተኛው እኔ።

ኮምፒውተር የሚማረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዘግይቶ መጣ። ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎታል።

"እህቴ ከውጭ ጌም ገዛችልኝ" አለ። "ባልደርስ ጌት 3።"

"በስንት?" አለ ነጋዴው። ሁልጊዜም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

"60 ዶላር።"

ነጋዴው ስልኩን አወጣና አባዛ። ከ8 ሺህ ብር በላይ ሆነ። መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ስክሪኑን ለሁላችንም አዞረ። "አቦ፣ እስቲ አሳየኝ። ይሄን ሁሉ ብር የሚያወጣው ምን ዓይነት ጌም ነው?"

ተማሪው ከፈተለት። ተዋጊዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። የየአንዳንዳቸው ፊት ከላይ በተርታ ተደርድሯል። ተራው የደረሰው ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ቦታ ላይ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ተንከባለለ። 4 ወጣ። ተማሪው "ኤጭ!" አለ፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ይዞ ማሰብ ጀመረ።

"ይሄማ ገበጣ ነው!" አለ ነጋዴው። "ለገበጣ 60 ዶላር? መሬት ቆፍሬ በጠጠር በነፃ አጫውትህ የለም እንዴ?"

ሳቅን። ነጋዴው ሲሳቅለት ይበረታል። ዓለም ላይ የሚሸጠው ኳስና ተኩስ ብቻ ነው አለ። እንዲህ ተራ እየጠበቁ የሚያስቡበት፣ የሚያርሱበት፣ መቶ ጊዜ የሚሞቱበት ጌም የጥቂት ሰው ነው። የጥቂት ሰው ነገር ደግሞ በሙሉ ዋጋ አይሸጥም፤ ወይ ዋጋው ይወርዳል፣ ወይ ሠሪው ይከስራል። ከዚያ ከጋሼ የሰማውን ተረት ጎተተ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው!"

ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "ተረቱን ጨርሰው እንጂ። ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።"

ማታውን ሙሉ እንዲሁ ቀጠለ። ነጋዴው የፊቱን ግማሽ ይላል፣ ጋሼ የኋላውን ይጨርሳሉ።

አልደብቅም፣ እኔ ከመጀመሪያው ከተማሪው ጋር ነበርኩ።

ነጋዴው ሂሳቡን ዘረዘረ። ለአንድ ትልቅ ጌም መቶ ምናምን ሰው ዓመታት ይለፋል። ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር ሲሸጥ መደብሩ ከመቶ 30 ይቆርጣል። ሙሉ ዋጋ የሚባለው ለረጅም ጊዜ 60 ዶላር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 አዲሶቹ ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ከወጡ ወዲህ ብዙው 70 ገብቷል። "ይሄን ሁሉ ወጪ በጣት የሚቆጠር ሰው ሊሸከመው ነው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ስልህ!" ስልክ ሲሸጥም እንዲሁ ነው። የሚያውቀው የተሸጠለትን ስልክ ብቻ ነው።

"ለሃምሳ ሰው ጌጡ" አሉ ጋሼ። "ጥቂት የምትለው አንድ ሰፈር ቆመህ ስትቆጥር ነው። ድሬ ሃምሳ፣ ጅቡቲ ሃምሳ፣ ማርሴይ ሃምሳ፣ ቶኪዮ ሃምሳ ሰው አለ በለው። ደምረው እስቲ።"

ነጋዴው አልደመረም። ተማሪው ግን ደመረለት። ይህንን ጌም የሠራው ላሪያን የሚባል የቤልጂየም ድርጅት ነው። ገና ሳያልቅ፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2020 ጀምሮ፣ በዚያው በ60 ዶላር ሸጡት። ሦስት ዓመት ገደማ ተጫዋቹ የሚለውን እየሰሙ አስተካከሉት። ነሐሴ 2023 ሙሉው ወጣ። ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፣ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎም ተሸለመ። ያ ሁሉ ሰው የገዛው ገበጣ ያልከውን ነው አለው።

"እሱማ ስም ስላለው ነው" አለ ነጋዴው። "የድሮ ስም ነው።"

"ስሙማ ድሮም ነበረ" አለ ተማሪው። "ሃያ ዓመት ማን አነሣው?"

ቀጠለ። ዴመንስ ሶልስ የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ሲወጣ፣ ሶኒ ራሱ አሜሪካና አውሮፓ ሊያወጣው አልፈለገም። ይከብዳል፣ ሰው ይጠላዋል ተባለ። አሜሪካ የወሰደው አትለስ የሚባል ሌላ አሳታሚ ነው። ያው የሠራው ድርጅት እዚያው ከባድ መንገዱ ላይ ሙጭጭ ብሎ በየካቲት 2022 ኤልደን ሪንግን በ60 ዶላር አወጣ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ 12 ሚሊዮን ተሸጠ።

"እሱማ አሁን የጥቂት ሰው አይደለም፣ የሁሉም ሆኗል" አለ ነጋዴው።

እኔ እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። ሲከስር "አላልኳችሁም፣ የጥቂት ሰው ነው"፣ ሲሸጥ "ይሄማ የጥቂት ሰው አይደለም"። እንዲህ ከሆነ መቼም አይሸነፍም። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ዳማ ብትጫወት ንጉሡን ከበላህበት በኋላ "እሷ ንጉሥ አልነበረችም" ይልሃል።

ስለ እርሻው ጌም ሲነሣ ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። "ሰው ገንዘብ ከፍሎ ያርሳል? የገጠሩ ልጅ ከእርሻ ሸሽቶ ድሬ ሲመጣ እነሱ በዶላር ያርሳሉ?" እስኪያስለው ሳቀ። ፋርሚንግ ሲሙሌተር 25 እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ወጥቶ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሶኒ ኮንኮርድ የሚባል ጌም አውጥቶ ነበር። ተኩስ ነው፣ ነጋዴው "ዓለም የሚፈልገው" የሚለው ዓይነት። ዋጋውም 40 ዶላር ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ቆየ። ከገበያ ተነሣ፣ የገዛውም ሰው ገንዘቡ ተመለሰለት። ሁሉም ይወደዋል ተብሎ የተሠራውን ማንም አልወደደውም፤ ያን ተኩስ ዓለም ሌላ ቦታ ጠግቦታል።

ነጋዴው ሻይ አዘዘ።

እኔ በበኩሌ ከሁሉም የሚገርመኝ የፋየር ኢምብለም ነገር ነው። እሱም ተራ በተራ የሚጫወቱት የኒንቴንዶ ጌም ነው። ሽያጩ እየወረደ መጣና ሠሪዎቹ ተነገራቸው፤ ይሄኛው 250 ሺህ ካልደረሰ ያበቃል። መጨረሻችን ነው ብለው የሚወዱትን ሁሉ ጨመሩበት። አልሸሹም፣ ተኩስም አላደረጉትም። እ.ኤ.አ. በ2012 አዌክኒንግ ተብሎ ወጣ፣ ሽያጩም ወደ 2 ሚሊዮን ደረሰ። ይህንን ስናገር ጋሼ አቋረጡኝና "ሞንፔሊዬን ንገረው፣ ሞንፔሊዬን!" አሉ። ተማሪው ቀደም ብሎ ነግሯቸው ነበርና ኮርተዋል። ፈረንሳይ አገር ሞንፔሊዬ ላይ ያለ አዲስ ድርጅት የሠራው ኤክስፔዲሽን 33 ነው። እሱም ተራ በተራ ነው። ሚያዝያ 2025 ወጥቶ በ33 ቀን 3.3 ሚሊዮን ተሸጠ።

"በስንት?" አለ ነጋዴው።

"50 ዶላር።"

"አያችሁ! ቀነሱ!" ከመቀመጫው ተነሣ። ያገኛት እሷን ብቻ ናትና ጥሩ አድርጎ ያዛት። ልክ ነው፣ 50 ሙሉ ዋጋ አይደለም። ግን ማንም የማያውቀው ድርጅት ለመጀመሪያ ሥራው 50 ዶላር ሲጠይቅ ራሱን አላረከሰም። ነጋዴው ቢሆን በ5 ዶላር ይበትነው ነበር።

ዝም ብሎ የቆየው ጌም ቤቱ ያለው ልጅ ነው። ጣቶቹ መሐል የተሰበረ ጆይስቲክ ይዟል፤ የግራው ላስቲክ ተልጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። በየወሩ የሚያልቀው ያው የግራው ነው፣ ኳስ ሲሮጡበት። ቀስ ብሎ "እኔ አራተኛው ቴሌቪዥን ላይ ኤልደን ሪንግ ጭኜ ነበር" አለ። "ሦስት ልጆች ብቻ መጡ።"

"ይኸው!" አለ ነጋዴው። "ሦስት!"

"ግን በየቀኑ መጡ። ኳስ የሚጫወተው አንድ ጨዋታ ከፍሎ ይወጣል። እነሱ በሰዓት እየከፈሉ እስክዘጋ ይቆያሉ። ሂሳቡን ሳየው አራተኛው ከሁሉም ያስገባል።"

ማንም መልስ አልሰጠውም። ነጋዴው ሒሳብ ከፈለና "ለማንኛውም ሃምሳ ሎሚ..." ብሎ ሄደ። ጋሼ ከኋላው ጨረሱለት።

የእኔን ፍርድ ልንገራችሁ። ጥቂት ሰው የሚወደው ጌም በሙሉ ዋጋ ይሸጣል። የሚወድ ሰው ዋጋ አይከራከርም፣ ሌላ ቦታ አያገኘውምና። የሚገድለው ፈሪ ሠሪ ነው፤ ዋናውን ወዳጅ አስቀይሞ ላልመጣው እንግዳ ድግስ የሚደግስ። ሁሉም ይሸጣል አላልኩም። ግን ሲከስር ሥራውን መርምሩ፣ ሰው ጥቂት ነው እያላችሁ አታመካኙ።

ሐረር ጁገል ውስጥ ስፌት የሚሰፉ አንዲት እናት አውቃለሁ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን አንዱን ለመጨረስ ወራት ይወስድባቸዋል። አክርማው እንደ ክር ቀጥኖ ቀዩና ጥቁሩ ሳይዛነፍ ይዞራል። ቀንሱልኝ አልኳቸው። "ልጄ፣ ይሄ ለሚያውቀው ነው" ብለው መልሰው ሰቀሉት። በወሩ ስመለስ ግድግዳው ላይ ቦታው ባዶ ነበር።

እንዲህ ዓይነት ሰው አሁን የት አለ? አንዱ ጭማቂ ቤት ሲከፍት መንገዱ ሁሉ ጭማቂ ቤት ይሆናል። ታይዋን ገብታችሁ እዩ፤ አሥር ሱቅ፣ አንድ ዓይነት የስልክ ሽፋን። ልጅ ሥዕል እወዳለሁ ሲል "ማን ይገዛልሃል?" እንለዋለን፤ ማንንም ሳንጠይቅ። ዘፈኑ አንድ ምት፣ ሠርጉ አንድ ዓይነት ፎቶ፣ ወሬው አንድ ወሬ። "ሕዝቡ አይፈልገውም" የሚል ሰው በዝቷል። ለሕዝቡ መቼ አቀረባችሁለትና ነው? የሚያናድደኝ ድህነቱ አይደለም። ሳይሞክሩ የሌላውን ፍላጎት ማሳነሱ ነው። ይሄ ድሬ ድሮ ከባቡሩ ጋር የዓለም ነገር ሁሉ የሚወርድባት ከተማ ነበረች፤ ጋሼ ፈረንሳይኛቸውን የለቀሙት እዚሁ ነው።

ትናንት በሳቢያን ሳልፍ ጌም ቤቱ ጎራ አልኩ። አራቱም ቴሌቪዥን ላይ ኳስ ነው። አራተኛውን ለምን ቀየርከው አልኩት።

"አቦ፣ ሰፈሩ ያለው ጌም ቤት ሁሉ ኳስ ነው" አለኝ። "ሰው ምን ይለኛል?"

ከሦስቱ ልጆች አንዱ መጣና በሩ ላይ ቆመ። አራተኛውን ቴሌቪዥን አየ፣ ሳይገባ ተመለሰ።