ሉሲን ታውቂያታለሽ?

ኩባያ ነው ያስቀመጥኩት። ሌላ ያጠፋሁት የለም። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ መጽሔት አየሁና፣ ትኩሱ ቡና እንጨቱን እንዳያበላሸው ብዬ ኩባያዬን በላይዋ አሳረፍኩ። እንዲያውም የተጠነቀቅኩ መስሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ግን ጮኹ። ሰማንያን ያለፈ ሰው ያን ሁሉ ጉልበት ከየት እንደሚያመጣ እንጃ። ደንግጬ ኩባያውን ሳነሳ ቡናው እጄ ላይ ፈሰሰ። እሳቸው ያዩት እጄን አይደለም። መጽሔቷን ነው።

የምሠራው ሆም ኬር ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ። አዛውንቶች ቤት እየሄድኩ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ አስታውሳለሁ፣ ምሳ አሞቃለሁ፣ ደረጃ ሲወርዱ እጃቸውን እይዛለሁ። እኚህ ሴትዮ ዘንድ በሳምንት ሦስት ቀን እሄዳለሁ። ያን ቀን ገና ሁለተኛዬ ወይም ሦስተኛዬ ቢሆን ነው። መጽሔቷን በሁለት እጃቸው አነሷት። እንደ ጨቅላ ገልበጥ አድርገው ጀርባዋን አዩ። ምንም አልሆነችም። ትንፋሽ ወሰዱና ጠየቁኝ።

«ሉሲን ታውቂያታለሽ?»

እንዴ! ደረቴን ነፋሁ። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ሰው የማውቀውን ነገር የጠየቀኝ ያን ቀን ነው።

«እንዴት አላውቃት? የኛው ናት እኮ!»

«የማን?»

«የኢትዮጵያ። አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ነው ያለችው።» ዝም ብለው ስላዩኝ ጨመርኩላቸው። «አፋር ውስጥ ነው የተገኘችው፣ በ1974። ዕድሜዋ ሦስት ሚሊዮን ከሁለት መቶ ሺህ ዓመት ይሆናል።»

ሴትዮዋ ብዙ አሰቡ። «ሉሲል ቦል የተወለደችው በ1911 ነው» አሉኝ በመጨረሻ፣ ቅር ባለው ድምፅ።

ድንቅነሽ እያልን ብንጠራት ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

ለካ የሳቸው ሉሲ ሌላ ናት። ፀጉሯ ቀይ፣ ዓይኗ ፈጠጥ ያለ፣ ፊቷን እንደ ሊጥ የምታደርገው ኮሜዲያን። «አይ ላቭ ሉሲ» የሚባለው አስቂኝ ተከታታይ ድራማዋ ከ1951 እስከ 1957 ድረስ ሲቢኤስ በሚባለው የቲቪ ጣቢያ ታይቷል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ። ባሏም በፊልሙ ውስጥ ባሏ ነው፤ ዴሲ አርናዝ የሚባል ከኩባ የመጣ ሙዚቀኛ። ንግግሩ ላይ የስፓኒሽ ቅላጼ አለ፤ ሲናደድ ጭራሽ በስፓኒሽ ይወርድባታል። እኔ ወዲያው የወደድኩት እሱን ነው። አሜሪካ መጥቶ በእንግሊዝኛ ሲቆጣ የሚደነቃቀፍ ሰው ዘመዴ ነው።

መጽሔቷ ደግሞ ቲቪ ጋይድ ትባላለች። ያኔ በየትኛው ቻናል፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዳለ የምትናገር ሳምንታዊ ነበረች። ከኪስ ዳዊት ከፍ፣ ከደብተር ዝቅ ትላለች። ከዚያ በፊት በየከተማው ለየብቻ የሚወጡ የቲቪ መምሪያዎች ነበሩ። ዋልተር አነንበርግ የሚባል የፊላደልፊያ አሳታሚ ገዝቶ አንድ አደረጋቸው። የመጀመሪያዋ አገር አቀፍ ዕትም አፕሪል 3 ቀን 1953 ወጣች። ዋጋዋ 15 ሳንቲም። ሽፋኗ ላይ ያለው ሕፃን ነው። የሉሲና የዴሲ ልጅ። እናትየው ጥግ ላይ በትንሹ ብቻ ትታያለች። ርዕሱ «የሉሲ የ50 ሚሊዮን ዶላር ሕፃን» ይላል።

እኔ ኩባያ ያስቀመጥኩት እሱ ላይ ነው።

ሕፃኑ ለምን እንዲህ እንደተወደደ ሴትዮዋ እየነገሩኝ ሾርባቸው ቀዘቀዘ። ሉሲ በእውነት አረገዘች፣ ድርሰቱም አብሮ አረገዘ። ግን በቴሌቪዥን «እርጉዝ» ማለት አይፈቀድም ነበር። ሌላ ለስለስ ያለ ቃል ፈለጉ። እኛም ቤት እንዲሁ ነው አልኳቸው፤ እርጉዝ ማለት ሲከብደን ነፍሰ ጡር እንላለን። ይህቺን ወደዷት። ጃንዋሪ 19 ቀን 1953 ማታ በድራማው ውስጥ ሉሲ ወለደች። በዚያው ቀን እውነተኛዋ ሉሲም በእውነት ወለደች። 44 ሚሊዮን ሕዝብ አየው ተባለ። በማግስቱ አይዘንሃወር ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ ሲፈጽም የተመለከተው 29 ሚሊዮን ነው። ሴትዮዋ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። ጎረቤት ሄደው ነው ያዩት፤ እነሱ ቤት ቲቪ አልነበረም። ይሄን ሲሉኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። እኔም እኮ እሑድ እሑድ ኅብረ ትርዒትን ያየሁት ጎረቤት ቤት ነው፣ መሬት ቁጭ ብዬ፣ አፍንጫዬን እየጠረግኩ።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ቀጠለ። እጅሽን ታጠቢ። ታጠብኩ። አድርቂ። አደረቅኩ። ገጹን ልገልጥ ስል ጣቴን ምራቅ ነካ አደረግኩ። ልማድ ነው። ሁለተኛው ጩኸት መጣ።

መጽሔቶቹ እያንዳንዳቸው በላስቲክ ውስጥ ናቸው፣ ከኋላቸው ወፍራም ነጭ ካርቶን ተደርጎላቸው። ካርቶኑም ዝም ብሎ ካርቶን አይደለም፤ ወረቀት የሚበላ አሲድ የሌለበት ነው። እኔ ላስቲኩን አንዴ ፌስታል ብዬው አስቀይሜያቸዋለሁ። ሉሲ 39 ጊዜ የቲቪ ጋይድ ሽፋን ላይ ወጥታለች፤ ያን ያህል የወጣ ሰው የለም። እሳቸው ሠላሳውን አግኝተዋል። የቀሩትን ለምን አይገዙም ብትሉ፣ ይገዛሉ፣ ግን መራጭ ናቸው። ስቴፕሉ የዛገ አይሆንም። ሲጋራ የሚሸት አይሆንም። በፖስታ ለደንበኛ የተላከ ከሆነ ሽፋኑ ላይ የአድራሻ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ እሱም ዋጋውን ይቀንሰዋል። ከሱቅ የተገዛ፣ ፊቱ ንጹሕ የሆነ ነው የሚፈለገው። የአንድ ሳምንት መጽሔት ደግሞ አንድ አይደለም። ሽፋኑ ተመሳሳይ ሆኖ የውስጡ ፕሮግራም በየአካባቢው ይለያያል። ስለዚህ የቺካጎው አለኝ፣ የኒው ዮርኩ ይቀረኛል ይባላል። እግዚኦ!

ከኋላ ገጽ ሳጥን እየሞሉ የሚጫወቱት የቃላት ጨዋታ አለ። አንዷን መጽሔት ድሮ አንድ ሰው በእስክርቢቶ ሞልቷታል። ያ ሰው በሕይወት ያለ አይመስለኝም። እርግማኑ ግን እስከ ዛሬ አልቀረለትም። መጽሔቷን ባወጡ ቁጥር ይረግሙታል። መልሱንም ተሳስቷል ይላሉ።

ከሁሉ ያናደደኝ ደግሞ ሌላ ነው። አንዳንዱ ሰብሳቢ መጽሔቱን ልኮ ከአሥር ነጥብ አሰጥቶ በደረቅ ፕላስቲክ ያስደፍነዋል። ከዚያ በኋላ አይከፈትም። መጽሔት፣ የማይነበብ! «ታዲያ ምን ይሠራል?» ስላቸው፣ «ይኖራል» አሉኝ። ይኖራል። እኔ የቤት ኪራይ ለመክፈል ሁለት ሥራ እሠራለሁ፣ እሱ እዚያ ፕላስቲኩ ውስጥ ይኖራል።

እሳቸው እንኳ አያስደፍኑም። ጉልበታቸው እምቢ እስኪል ድረስ በየኦገስቱ ጄምስታውን ይሄዱ ነበር። የሉሲ የትውልድ ከተማ ነው፣ በኒው ዮርክ ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ። የሷና የባሏ ሙዚየም እዚያ አለ፣ በየዓመቱ የኮሜዲ ፌስቲቫል አለ። አጠገቡ ሴሎሮን የምትባል መንደር ውስጥ በ2009 የሉሲ ሐውልት ቆሞ ነበር። ፎቶውን አሳዩኝ። ጥርሷን አግጣለች፣ ዓይኗ ልትዘል ነው። ሕዝቡ አስፈሪዋ ሉሲ ብሎ ስም አወጣላትና ይነሳልን አለ። በ2016 በልደቷ ቀን ቆንጆ ሐውልት ተተካ። ታዲያ አስቀያሚዋን የት ጣሏት? አልጣሏትም! እዚያው ፓርክ ውስጥ ትንሽ ፈቀቅ አደረጓት። አሁን ሰዉ ሁለቱንም ሊያይ ይመጣል። እነዚህ ሰዎች የተበላሸውንም አይጥሉም ብዬ ተገረምኩ።

እዚህ ላይ ነው ካርቶኔ ትዝ ያለኝ።

ካርቶን ነበረኝ። የኑግ ዘይት ካርቶን፣ አልጋ ሥር። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ከታክሲ እየቀነስኩ፣ በእግሬ እየሄድኩ የገዛኋቸው መጽሔቶች ነበሩበት። ለመግዛት ሲያቅተኝ አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ በኪራይ አነባለሁ፤ ሲጥመኝ ግን መግዛት ነው። በተለይ ኮሜዲያኖቻችን ያሉባቸውን። ተስፋዬ ካሳ፣ ደረጄና ሀብቴ፣ ልመንህና አለባቸው። የአለባቸው ቃለ መጠይቅ ያለባትን እንዲያውም ደግሜ ደግሜ አንብቤ ሽፋኗ ተገንጥሎ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ። ለሴትዮዋ ብነግራቸው ሦስተኛ ጊዜ ይጮሁ ነበር። ስሄድ ለታናሽ ወንድሜ አደራ አልኩት። አደራ! ብዬ፣ ሁለት ጊዜ።

ባለፈው ክረምት ለበዓል አገር ቤት ሄጄ አልጋ ሥር ገባሁ። ጫማ። ሌላ ጫማ። የተሰበረ ስቶቭ።

«ካርቶኔስ?»

«የቱ ካርቶን?»

«መጽሔቶቹ ያሉበት!»

«እሱማ ቆየ» አለኝ። ቆየ ይለኛል! ግማሹን ቆራሌው ወሰደው፣ ከጠርሙስ ጋር ተደምሮ። ቀሪውን ባለ ሱቁ ለቆሎና ለበርበሬ መጠቅለያ ፈልጎት ተሰጠው። «ነጻ ነው የሰጠሁት፣ ብር አልበላሁም» ብሎ ማለልኝ። እሱ እኔን ያናደደኝ ገንዘቡ መስሎታል። ስቶቩን ግን አልሰጠም። ይሠራል ብሎ ነው። የተሰበረ ስቶቭ ይቀመጣል፣ አለባቸው ተካ በርበሬ ይጠቀለልበታል። በዓሉንም በቅጡ አልበላሁም። ሦስት ቀን አኮረፍኩት፤ ለሱ ያመጣሁለትን ጫማም ለአጎቴ ልጅ ልሰጥ ብዬ ነበር፣ ቁጥሩ አልሆን አለ።

ምን ይደረጋል፣ እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። ደብተሬን የምሸፍነው በመጽሔት ነበር። ከሶሻሊስት አገር የሚመጡት አብረቅራቂዎቹ አይቀደዱም ተብሎ የሚመረጡት እነሱ ነበሩ። ትራክተር ሒሳብ ላይ፣ የፋብሪካ ሴቶች ሳይንስ ላይ። አንዱንም አንብቤ አላውቅም።

ሴትዮዋም አንድ ቀን ስንጫወት የነገሩኝ ነገር አለ። እነሱም ይጥሏት ነበር። ሳምንቱ ሲያልቅ ቲቪ ጋይድ ምን ያደርጋል? እናታቸው ድንች የሚልጡበት ወረቀት ነበረች። በ15 ሳንቲም የተሸጠችው ዛሬ ንጹሕ ከሆነች በመቶ ዶላሮች የምትጠራው፣ ሁሉም ቤት የድንች ልጣጭ ስለነበረች ነው። ትርዒቱ ራሱ የተረፈው በእልክ ነው። ያኔ አብዛኛው ነገር ከኒው ዮርክ በቀጥታ ይተላለፋል፣ ካለፈ አለፈ። ሉሲና ባሏ ከሎስ አንጀለስ አንነቃነቅም አሉ። ከክፍያቸው አስቀንሰው በፊልም አስቀረጹት፣ በምትኩ ፊልሙ የኛ ይሁን አሉ። ለዚህ ነው ዛሬም ጥርት ብሎ የሚታየው። እኔ አባባ ተስፋዬን ለልጄ ላሳያት ዩቲዩብ ስፈልግ እነዚያው ጥቂት ቁርጥራጮች ናቸው የሚመላለሱብኝ። ስንት ዓመት ሙሉ «ልጆች» ሲሉን የኖሩት ሰውዬ!

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ እማዬ ቡና አፈላች። ስኒ አምጪ አለችኝ። ቡፌውን ከፍቼ ስኒዎቹን ሳነሳ፣ ከሥር አለባቸው ይስቃል። እማዬ የቡፌውን መደርደሪያ በመጽሔት ገጽ አንጥፋዋለች። ፕላስተሩ ሳይቀር አለ። እኔው የለጠፍኩት! ጮህኩ። አጯጯሄ ከማን እንደተማርኩ ታውቃላችሁ።

ልልጠው ብዬ ጥፍሬን ሰደድኩ። ተጣብቋል።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለች እማዬ።

«ልወስደው ነው፣ እዚያ በላስቲክ አደርገዋለሁ።»

«ታዲያ ስኒዬ ምን ላይ ሊቀመጥ ነው?» አለችኝ። «ደግሞ እሱ ስንት ዓመት እዚህ ሆኖ ምን ሆነ? ማን ነካው?»

መልስ አጣሁ። ወንድሜ ከወዲያ ሆኖ ሳቀ፤ እሱ ላይ ያለኝ ቅሬታ ግን እንዳለ ነው። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ስኒዎቹን መለስኩ።

ሜሪላንድ እንደደረስኩ ፎቶውን ለሴትዮዋ አሳየኋቸው። የኛ አገር ኮሜዲያን ነው፣ በመኪና አደጋ ነው ያለፈው አልኳቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ስልኩንም እንደ መጽሔት ነው የሚይዙት። ፊቱን ብዙ አዩት። ፈገግ አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ግንባሩ ላይ አሳረፉ። ቡናማ ክብ አለ፣ የስኒ ቂጥ የሚያክል። ሌላም አለ፣ ጉንጩ ላይ። ሌላም።

ቀና ብለው አዩኝ።

«ቡና ነው?»

«ቡና ነው» አልኳቸው።